ለኤፒ ማይክሮኢኮኖሚክስ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ ግራፉ ላይ ነጥብ እየጣልኩ ነው

ማኅደር ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት 8ኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነበር። በመጪው ሜይ የኤፒ ማይክሮኢኮኖሚክስ ፈተና እወስዳለሁ፤ ኤፒ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን የምንወስደው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው፤ ፈተናው ከ1 እስከ 5 ይታረማል። ይህን መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ችግሬን በዝርዝር ልንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ሙሉ የልምምድ ፈተና ሠራሁ። ከ60 የምርጫ ጥያቄዎች 43 አገኘሁ። ጥር ላይ 31 ስለነበርኩ በዚህ ደስ ብሎኛል። የጽሑፍ ጥያቄዎቹን ሳርም ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ረጅሙ ጥያቄ ስለ ሞኖፖሊ፣ ማለትም አንድ ሻጭ ብቻውን ስለሚይዘው ገበያ ነበር፤ ከ10 ነጥብ ያገኘሁት 3 ብቻ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ ነበር! ሞኖፖሊ ምን እንደሆነ፣ ለምን ሸማቹን እንደሚጎዳ፣ መንግሥት ምን ማድረግ እንደሚችል ሁሉንም አስረድቻለሁ። የነጥብ አሰጣጥ መመሪያው ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን አይፈልገውም። ግራፌ ላይ ደግሞ ዋጋውን የተሳሳተ ቦታ አድርጌያለሁ፤ ለምን ስሕተት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ዋጋው አይደለም እንዴ?

በጣም የሚያሳዝነኝ ሐሳቡ የሚገባኝ መሆኑ ነው። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ጠዋት ስትመጣ፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቴ በፊት፣ ሻይ እየጠጣን የተማርኩትን እነግራታለሁ፤ ሁሉንም ትረዳኛለች። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን እጄ ይያዛል። ክፍላችን ብዙ ተማሪ ስላለው መምህሩ ግራፉን ስክሪን ላይ አሳይተው ያልፋሉ፤ በእጃችን የሣልንበት ቀን ጥቂት ነው።

የምገባበት ዩኒቨርሲቲ 4 ወይም 5 ካመጣሁ የአንድ ኮርስ ክሬዲት ይሰጠኛል። ይህ ለእናቴ የብዙ ሌሊት ሥራ ማለት ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግራፉን እንዴት ልለማመድ? መልሱስ ምን ያህል መርዘም አለበት?

ሰላሌ

እህቴ ማኅደር፣ እኔ ይህን ፈተና የወሰድኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ 4 አምጥቻለሁ። ስለ ግራፉ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳሽ ሰው እዚህ መድረክ ላይ አለ፤ እሳቸው እስኪመጡ እኔ ስለ ሰዓቱ ልንገርሽ።

የምርጫው ክፍል 60 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፤ ከጠቅላላው ውጤት ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዪ። የጽሑፉ ክፍል 60 ደቂቃ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 10 ደቂቃው ለማንበብና ለማሰብ የታሰበ ነው። ረጅሙ ጥያቄ ብቻውን የጽሑፉን ክፍል ግማሽ ነጥብ ይይዛል፤ ሁለቱ አጫጭሮች ሩብ ሩብ ይካፈላሉ። እኔ ለረጅሙ 25 ደቂቃ፣ ለአጫጭሮቹ 12፣ 12 ደቂቃ መድቤ ነበር የገባሁት። አንድ ገጽ ተኩል ለመጻፍ ጊዜ የለሽም። እኔም በልምምድ ጊዜ ረጅሙ ላይ ስንዛዛ የመጨረሻውን አጭር ጥያቄ ሳልነካው ሰዓቱ አልቆብኝ ያውቃል፤ ያ የጠፋው ነጥብ በጣም ቀላሉ ነበር።

ጥያቄዎቹን የምታነቢው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የጽሑፍ መልሱንና ግራፉን ግን በእጅሽ በወረቀት ደብተር ላይ ነው የምትሠሪው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስክሪን ላይ እያየሽ ብቻ አታጥኚ፤ እስክሪብቶ ያዢ። ቀላሉ፣ አራቱን መደብ ስሌቶች ብቻ የሚሠራው ካልኩሌተር ተፈቅዷል። አስሊ በተባልሽበት ሁሉ ግን ስሌቱን ወረቀቱ ላይ አሳዪ፤ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ጽፎ ማለፍ ነጥብ ያስከፍላል።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው የኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ያለፉት ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነነጥብ አሰጣጥ መመሪያቸው በነፃ ተቀምጠዋል። ካን አካዳሚ የሚባለው ነፃ የመማሪያ ድረ ገጽም የዚህ ትምህርት ሙሉ ኮርስ አለው፤ ያልገባሽን ርዕስ ብቻ እየመረጥሽ እዪበት። ሦስት ሳምንት ላለው ሰው ግን ከቪዲዮ ይልቅ ያለፉት ጥያቄዎች ይበልጣሉ። በቀን አንድ ረጅም ጥያቄ ሥሪ፤ ወዲያው በመመሪያው አርሚ፤ ለራስሽ አትራሪ።

ጠመኔ

ልጄ ማኅደር፣ ባሕር ዳር 11 ዓመት ኢኮኖሚክስ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበረሰባችንን ልጆች አስጠናለሁ። ያንቺን ስሕተት በየዓመቱ አየዋለሁ፤ ጎበዞቹ ናቸው የሚሠሩት። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ነው፤ ግራፍ ሥሎ ራሱን እንዲገልጽ የሚጠየቅ ተማሪ የለም። እኔም ራሴ ለዓመታት ያስተማርኩት ለምርጫ ፈተና ነበር። ስለዚህ ችግሩ የማሰብ ችሎታሽ ላይ አይደለም። እጅሽ ገና አልለመደም።

ወረቀትና እርሳስ አምጪ፤ አብረን እንሣል።

አንድ ትልቅ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን እንጀራ የምትሸጥ ሴት አለች እንበል። አንዱ እሽግ 4 ዶላር ያስወጣታል፤ ብዙም ብትጋግር ጥቂት ያው 4 ነው፤ ሌላ ቋሚ ወጪ የለባትም። ዋጋውን 11 ዶላር ብትል አንድ እሽግ ትሸጣለች። 10 ብትል ሁለት፣ 9 ብትል ሦስት፣ 8 ብትል አራት፣ 7 ብትል አምስት። ለሁሉም ደንበኛ የምትሸጠው በአንድ ዋጋ ነው።

አሁን ጠቅላላ ገቢዋን ቁጠሪ፦ 11፣ 20፣ 27፣ 32፣ 35። እያንዳንዱ ተጨማሪ እሽግ ምን ጨመረላት? 11፣ 9፣ 7፣ 5፣ 3። አራተኛውን እሽግ የሸጠችው በ8 ዶላር ነው፤ ገቢዋ ላይ የተጨመረው ግን 5 ብቻ ነው። 3 ዶላሩ የት ሄደ? አራተኛውን ለመሸጥ ዋጋውን ከ9 ወደ 8 ስታወርድ፣ ቀድሞ በ9 ይገዟት የነበሩት ሦስቱም በ8 ገዟት። ከሦስቱም አንድ አንድ ዶላር ቀረባት። የተጨማሪ ገቢ መስመር ከፍላጎት መስመር በታች የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በቃልሽ የምትይዢው ነገር አይደለም። ይህን በጣትሽ ቆጥረሽ ካየሽው ዕድሜሽን ሙሉ አትረሺውም።

አራተኛውን ትጋግር? 5 ያስገኛል፣ 4 ያስወጣል፤ ትጋግር። አምስተኛውን? 3 ያስገኛል፣ 4 ያስወጣል፤ አትጋግር። አራት ላይ ቆመች።

አሁን ወደ ግራፉ። ቋሚው ዘንግ ላይ ዋጋ፣ አግድሙ ላይ መጠን ብለሽ ጻፊ። ይህን ሳትጽፊ ምንም አትሣዪ። የፍላጎት መስመሩን ከቋሚው 12 ወደ አግድሙ 12 በማስመሪያ አውርጂ፤ ጫፉ ላይ ዲ በዪው። የተጨማሪ ገቢ መስመር ከዚያው ከ12 ይነሣና አግድሙን 6 ላይ፣ በግማሹ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ኤምአር በዪው። የተጨማሪ ወጪ መስመሩ 4 ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ኤምሲ በዪው፤ አማካይ ወጪውም እዚህ ያው ነው። ኤምአርና ኤምሲ የሚገናኙት መጠን 4 ላይ ነው።

አንቺ የተሳሳትሽው እዚህ ነው። መገናኛው የሚነግርሽ ምን ያህል እንደምታመርት ብቻ ነው። ምን ያህል እንደምታስከፍል የሚነግርሽ ገዢው ነው፤ ገዢው ያለው ደግሞ የፍላጎት መስመሩ ላይ ነው። ስለዚህ ከመገናኛው ተነሥተሽ በነጠብጣብ መስመር ወደ ላይ ውጪ። የፍላጎት መስመሩን 8 ላይ ትነኪያለሽ። ዋጋው 8 ነው። መገናኛው ላይ ብትቀሪ ዋጋው 4 ይሆን ነበር፤ ይህች ሴት አንድ ሳንቲም አታተርፍም ማለት ነው። ብቻዋን እየሸጠች ለምን በወጪዋ ትሸጣለች?

ትርፏ ከ8 ላይ 4 ተቀንሶ በ4 እሽግ ሲባዛ 16 ዶላር ነው፤ ግራፉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ፈተናው ዴድዌት ሎስ የሚለው ኪሳራ ደግሞ ሦስት ማዕዘኑ ነው። የፍላጎት መስመሩ የወጪውን መስመር የሚያገኘው መጠን 8 ላይ ነው፤ ከ4 እስከ 8 ያለው እንጀራ ከወጪው በላይ ሊከፍል የሚፈልግ ሰው እያለ ሳይጋገር ቀረ። ግማሽ ሲባዛ በ4 ሲባዛ በ4፣ 8 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ለሻጯም ለገዢውም አልደረሰም። እኔ ይህን ሦስት ማዕዘን ሳስተምር ሁልጊዜ ውስጤ ይነካል፤ ምክንያቱም ሊበላ ይችል የነበረ፣ ግን ማንም ያልበላው እንጀራ ነው።

ስለ መልሱ ርዝመት፦ የጥያቄውን ግስ ተመልከቺ። ለዪ ከተባልሽ አንድ ቃል ወይም አንድ ቁጥር ይበቃል። አስረጂ ከተባልሽ ምክንያቱን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት። ለምን አምስተኛውን አታመርትም ቢሉሽ፣ "ከአራተኛው በኋላ ተጨማሪ ገቢው ከተጨማሪ ወጪው ስለሚያንስ ትርፏ ይቀንሳል" በቂ ነው። ስለ መንግሥት ካልተጠየቅሽ ስለ መንግሥት አትጻፊ። ሰው ብዙ ሲጽፍ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መልስ የሚያፈርስ ዓረፍተ ነገር ሳያውቀው ይገባበታል።

ማኅደር ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ ጠመኔ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት በጣቴ ቆጠርኩት። የሦስቱ ሰዎች አንድ አንድ ዶላር ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ወንድሜ ሰላሌ፣ አንተንም አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ማስመሪያ ገዛሁ።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ፍጹም ውድድር ላይ፣ ማለትም ብዙ ትናንሽ ሻጮች አንድ ዓይነት ዕቃ በሚሸጡበት ገበያ፣ በረጅም ጊዜ ትርፍ ዜሮ ይሆናል ይላል መጽሐፉ። ዜሮ ከሆነ ሰዎቹ ለምን ሱቁን አይዘጉም? ደግሞ ስለ ፍላጎት በሚጠይቁ የምርጫ ጥያቄዎች ላይ ሁልጊዜ ሁለት መልስ ትክክል ይመስለኛል።

ወለተ ማርያም፣ ሲያትል

ማኅደር፣ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ልጄን ለዚሁ ፈተና ሳስጠናት ግን ሁለተኛው ችግርሽ የቋንቋ ችግር መሆኑን አየሁ። በአማርኛ "ጤፍ ሲወደድ ፍላጎቱ ቀነሰ" እንላለን፤ "ሰዉ ሩዝ ስለለመደ የጤፍ ፍላጎት ቀነሰ" እንላለን። ለሁለቱም አንድ ቃል። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል። በመጀመሪያው የቀነሰው ሰዉ በዚያ ዋጋ የሚገዛው መጠን ነው፤ መስመሩ ባለበት ቆሞ አንቺ መስመሩ ላይ ወደ ላይ ትወጫለሽ። በሁለተኛው ራሱ ፍላጎቱ ተለወጠ፤ መስመሩ በሙሉ ወደ ግራ ተነሣ። አማርኛ እያሰብሽ ከሆነ የምታነቢው፣ ሁለቱም መልስ ትክክል የሚመስልሽ ለዚህ ነው። እኔና ልጄ "መጠን" እና "ፍላጎት" ብለን በደብተር ላይ በሁለት ቀለም ለየናቸው። ጥያቄ ስታነቢ መጀመሪያ ይህን ጠይቂ፦ የተለወጠው የዕቃው የራሱ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የራሱ ዋጋ ከሆነ መስመሩ አይነሣም።

ጠመኔ

ወለተ ማርያም፣ በ11 ዓመት ውስጥ እንዲህ አጥርቶ ያስረዳ መምህር አላየሁም። ቅዳሜ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።

ማኅደር፣ ስለ ዜሮው ትርፍ። አባቱ በራሳቸው መኪና ታክሲ የሚነዱ አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ በእሱ ምሳሌ ነው የማስረዳው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ ያወጣኋቸው ናቸው። በዓመት 52,000 ዶላር ገባ እንበል። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገናና ሌላው 14,000 ወጣ። ኪሳቸው የቀረው 38,000 ነው። እኚህ ሰው ታክሲውን ባይነዱ መጋዘን ውስጥ ተቀጥረው 38,000 ያገኙ ነበር። ያንን ትተውታልና እሱም ወጪያቸው ነው። የሒሳብ ሠራተኛው 38,000 አተረፉ ይላል፤ ኢኮኖሚስቱ ዜሮ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ዜሮ ማለት ሌላ ቦታ ቢሄዱ ከዚህ የተሻለ አያገኙም ማለት ነው፤ ቤተሰባቸው በልቶ ያድራል፤ ሥራውን የሚተዉበት ምክንያት የለም።

ግራፉ ላይ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ትሣያለሽ፤ በግራ ገበያው፣ በቀኝ አንዱ ድርጅት። ከገበያው ሚዛን ዋጋ ተነሥቶ ወደ ቀኝ የሚሻገር ነጠብጣብ መስመር አድርጊ፤ ለድርጅቱ ያ ቀጥ ያለ መስመር ፍላጎቱም ተጨማሪ ገቢውም ዋጋውም ነው። ትርፍ ሲኖር አዳዲስ ድርጅቶች ይገባሉ፤ የገበያው አቅርቦት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዋጋ ይወርዳል፤ አማካይ ወጪው ዝቅተኛ የሆነበት ነጥብ ላይ ሲደርስ መግባቱ ይቆማል። ብዙ ተማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ በገበያው የሚሸጠው ጠቅላላ መጠን ጨምሯል፣ የአንዱ ድርጅት መጠን ግን ቀንሷል። ጥያቄው ስለ ማን እንደሆነ ሁለት ጊዜ አንብቢ።

የቀረሽን ጊዜ የምታውይው አቅርቦትና ፍላጎት ላይ፣ ወጪና ፍጹም ውድድር ላይ፣ ሞኖፖሊና መሰሎቹ ላይ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ከምርጫው ክፍል ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። የሠራተኛ ገበያውና የገበያ ጉድለቱ (ገበያው ብቻውን በትክክል የማይሠራበት) ምዕራፍ አነስተኛ ናቸው፤ ሆኖም አጭሩ ጥያቄ ከእነሱ ሊመጣ ስለሚችል አትዝለያቸው።

ማኅደር ከአሌክሳንድሪያ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። በቀን አንድ ረጅም ጥያቄ እየሠራሁ ነው። ትናንት ያንኑ የሞኖፖሊ ጥያቄ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ 8 ከ10። መልሴ ከግማሽ ገጽ አልበለጠም።

ሁለቱን ነጥብ የጣልኩት እንዲህ ነው። አንዱ፣ ኤምአር የሚለውን መስመሩ ላይ መጻፍ ረሳሁ። ሌላው፣ መንግሥት በሞኖፖሊው ላይ በአንድ ጊዜ የሚከፈል የተወሰነ ግብር ቢጥል መጠኑ ምን ይሆናል የሚል ነበር፤ ይቀንሳል አልኩ። መመሪያው አይለወጥም ይላል። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። እንጀራ ሻጯ በወር 10 ዶላር ግብር ክፈይ ብትባል፣ አምስተኛው እሽግ ያው 3 ያስገኛል፣ ያው 4 ያስወጣል። አራተኛውም ያው 5 ያስገኛል። ስለዚህ አራት ላይ ትቆማለች፤ ትርፏ ብቻ ከ16 ወደ 6 ይወርዳል። ግብሩ ቋሚ ወጪ ነው፤ ኤምሲን አይነካውም።

ዛሬ ጠዋት ለእናቴ በገበያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሣልኩላት። ሦስት ማዕዘኑን በጣቷ እየነካች "ይህ ያልተጋገረው ነው?" አለችኝ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

ዛሬ ማታ የሠራተኛ ገበያውን እጀምራለሁ። ቀጣሪው አንድ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ሰው ለመጨመር የሁሉንም ደመወዝ ከፍ ማድረግ ስላለበት፣ የተጨማሪ ወጪው መስመር ከአቅርቦቱ መስመር በላይ ይሆናል። ልክ ነኝ ጋሼ?

ጠመኔ

ልክ ነሽ ልጄ። ስንት ሰው እንደሚቀጥር፣ የተጨማሪ ወጪው መስመር ተጨማሪው ሠራተኛ ከሚያስገኘው ገቢ መስመር ጋር ከሚገናኝበት አንብቢ። ደመወዙን ለማግኘት ግን በዚህኛው ግራፍ ወደ ላይ አትውጪ፤ ወደ አቅርቦቱ መስመር ውረጂ።